«የወሰደው አካል» የሚለው ባዶ ቦታ፦ ጦርነቱ ከቆመ በኋላ ተጠያቂነት ማለት ምን ማለት ነው?

አክስቴ ደሴ ውስጥ ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ ትሰፋለች። የልጆቿን የክትባት ካርድና የቤቱን ካርታ ከምታስቀምጥበት ፌስታል ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ። ታኅሣሥ 2014 ላይ ከስደት እንደተመለሰች ጽፋ ለቀበሌ ያስገባችው ዝርዝር ቅጂ ነው። ከደብተር የተቀደደ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ሠንጠረዥ። ተራ ቁጥር፣ የንብረቱ ዓይነት፣ ብዛት፣ ግምት። የልብስ ስፌት መኪና 2። ካውያ 1። የደንበኛ ጨርቅ፣ ያልተሰፋ፣ 11። ፍሪጅ 1። የቡና ስኒ ከነረከቦቱ። የመጨረሻው ዓምድ አናት ላይ «የወሰደው አካል» ይላል። ከሥሩ ምንም የለም። ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው።

«ማን ብዬ ልጻፍ?» ትላለች። «እኔ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። በሩን የሰበረውና ከተሰበረ በኋላ የገባው አንድ ሰው አይመስለኝም።»

ባገኘችኝ ቁጥር የምትጠይቀኝ ግን ሌላ ነው። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ወረቀት ይሠራል ወይስ ልቅደደው?»

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ያለው ሰው ብዙ ነው። ስለ ፕሪቶሪያ ስምምነት፣ ስለ ሽግግር ፍትሕ፣ ስለ ተጠያቂነት በሬዲዮ ይሰማል። ቃሉ ይገባዋል። ቃሉና የእሱ ወረቀት የት እንደሚገናኙ ግን የነገረው የለም። ለአክስቴ ቡና እየጠጣን በአፌ ያስረዳኋትን ነው እዚህ የምጽፈው።

የተፈረመው ምንድን ነው?

ጦርነቱ የተጀመረው ጥቅምት 24 ቀን 2013 ነው። የሕወሓት ኃይሎች ደሴና ኮምቦልቻን የያዙት ከዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2014 ሦስተኛው ሳምንት ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2014 በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኅዳር 27 መንግሥት ሁለቱን ከተሞች መልሶ መያዙን አስታወቀ። አዋጁ በታወጀ ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015፣ የፌዴራል መንግሥቱና ሕወሓት ደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ ላይ ፈረሙ። ፈራሚዎቹ አምባሳደር ሬድዋን ሁሴንና አቶ ጌታቸው ረዳ ናቸው። አሸማጋዩ የአፍሪካ ኅብረት ሲሆን ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ፣ ኡሁሩ ኬንያታና ፉምዚሌ ምላምቦ-ንኩካ መሐል ተቀምጠዋል።

ስምምነቱ 15 አንቀጾች ብቻ ያሉት አጭር ሰነድ ነው። አብዛኛው ስለ ጠመንጃ ነው። ተኩስ ይቁም፣ ሕወሓት ትጥቅ ይፍታ፣ መከላከያ መቀሌ ይግባ፣ እርዳታና መብራት ይለቀቅ። ዝርዝሩን የጦር አዛዦቹ፣ ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላና ጀኔራል ታደሰ ወረደ፣ ኅዳር 3 ቀን ናይሮቢ ላይ ጨመሩበት። የከባድ መሣሪያው ርክክብና የውጭ ኃይሎች መውጣት ጎን ለጎን ይሄዳሉ ተባለ።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስምምነቱ የስንቱን ልጅ ሕይወት እንዳተረፈ ሳስብ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ግን የሁለት ፈራሚዎች ስምምነት ነው። ኤርትራ አልፈረመችም። ጦርነቱ በላያቸው ላይ ያለፈው የአማራና የአፋር ክልሎች ለብቻቸው ወንበር አልነበራቸውም። የአክስቴ ዓይነቱ ሰው ደግሞ ጭራሽ ማንም አልወከለውም።

ለእሷ የሚሆን ነገር የምናገኘው አንቀጽ 10 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ነው። መንግሥት ሁሉን አቀፍ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ተግባራዊ ያደርጋል ይላል። ዓላማውንም ይዘረዝራል፤ ተጠያቂነት፣ እውነቱን ማወቅ፣ ለተጎጂዎች ካሳ፣ እርቅና ፈውስ። ከትጥቅ መፍታቱ በተለየ ይህ ግዴታ የሚጣለው በመንግሥት ላይ ነው። የሚመለከተውም ትግራይን ብቻ ሳይሆን መላ አገሪቱን ነው። እኛ ስምምነቱ ውስጥ የምንገባበት በር ይህ ንዑስ አንቀጽ ነው። በየስብሰባው ሰው ስለ ፕሪቶሪያ ሲከራከር ስለዚህ ክፍል ሲነሳ ብዙም አለመስማቴ ያሳዝነኛል።

ባዶው ቦታ የሚሞላው የት ነው?

የፍትሕ ሚኒስቴር ያሰባሰበው የባለሙያዎች ቡድን በ2015 የፖሊሲ አማራጮችን አቅርቦ በየክልሉ ውይይት ተደረገ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፖሊሲውን ያጸደቀው ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ነው። በፖሊሲው መሠረት ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ፍርድ ቤት ይኖራሉ። የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ይኖራል። ካሳ ይኖራል። በሁኔታዎች ላይ የተመሠረተ ምሕረትና የተቋማት ማሻሻያም አለበት።

ልብ በሉ፣ ፖሊሲ አዋጅ አይደለም። ፖሊሲ «እንዲህ ለማድረግ አስበናል» ማለት ነው። ፍርድ ቤት የሚቋቋመውና በጀት የሚመደበው በአዋጅ ነው። አዋጅ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ይጠይቃል። ሰው ሚያዝያ 2016 ላይ «የሽግግር ፍትሕ ጸደቀ» ሲባል ሰምቶ «ታዲያ የት አለ?» የሚለው ይህን ልዩነት ማንም ስላላስረዳው ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ሠንጠረዥ ልመለስ። እነዚህ ሁሉ ተቋማት «የወሰደው አካል» የሚለውን ባዶ ቦታ በተለያየ ዓይን ያዩታል። እኔ ነገሩ የገባኝ በዚህ መንገድ ነው።

ፍርድ ቤት ያ ቦታ ካልተሞላ አይንቀሳቀስም። ስም ይፈልጋል፣ ማስረጃ ይፈልጋል፣ ምስክር ይፈልጋል። በዚያ ላይ ልዩ ዐቃቤ ሕግ የሚያተኩረው በከባዱ ወንጀልና በዋናው አድራጊ ላይ ነው። ግድያ፣ አስገድዶ መድፈር፣ ትእዛዝ የሰጠ አዛዥ። የሁለት ስፌት መኪና ጉዳይ እዚያ ችሎት ይደርሳል ብዬ ለአክስቴ ብነግራት ዋሸኋት ማለት ነው።

የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ቦታውን ለመሙላት የሚሞክር ተቋም ነው። የአንድ ሰው ስም ባያገኝ እንኳ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል። የትኛው ኃይል በየትኛው ቀን የት ነበር? ማን ምን አዘዘ? ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ፋብሪካው በምን ቅደም ተከተል ተዘረፈ? እውነት ሲፈለግ የማይመቸውም ይወጣል። በኅዳር 2014 መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት በደሴና በኮምቦልቻ የምግብ እደላ መቋረጡን ሲያስታውቅ ምክንያቱ የመጋዘኖች መዘረፍ ነበር። ዘራፊዎቹ የትግራይ ኃይሎች አባላትና አንዳንድ የአካባቢው ነዋሪዎች እንደነበሩም ገልጿል። ይህን መስማት ለከተማችን ሰው ያማል። እኔንም ያመኛል። ግን እውነት ይውጣ ካልን የራሳችንንም ይዞ ነው የሚወጣው።

ሦስተኛው ካሳ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጣም የሚምታታው ይህ ነው።

ካሳ ባዶው ቦታ እንዲሞላ አይጠብቅም። መጠበቅም የለበትም። ጉዳቱ መድረሱ ከተረጋገጠ፣ የደረሰውም በጦርነቱ ምክንያት ከሆነ፣ አድራጊው ባይታወቅም ባይያዝም ተጎጂው ካሳ ሊያገኝ ይችላል። የሽግግር ፍትሕ በሌላው ዓለም ሲሠራበት የኖረው በዚህ መርሕ ነው። መንግሥት የሚክሰው የግድ ራሱ ስላጠፋ አይደለም። ዜጋውን የመጠበቅ ግዴታ ስለነበረበት ነው።

እርዳታ ግን ካሳ አይደለም። ዱቄትና ዘይት የሚሰጠው ስለተራብክ ነው። መልሶ ግንባታም ካሳ አይደለም። የዓለም ባንክ በሚያዝያ 2014 በግጭት ለተጎዱ አካባቢዎች 300 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። ለውሃ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች ድጋፍ የሚውል ነው። ጥሩ ነው፣ ያስፈልጋል። ነገር ግን ጤና ጣቢያው የሚሠራው ለሁሉም ነው፤ ለተዘረፈውም ላልተዘረፈውም። ካሳ «አንቺ ላይ ይህ በደል ደርሷል፣ በደል መሆኑንም እናምናለን» ብሎ ለአንድ ሰው በስሙ የሚሰጥ ነው። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆን እንኳ ከጀርባው ያለው ቃል ትልቅ ነው። «እርዳታ እኮ ተሰጥቷችኋል» የሚል ባለሥልጣን ሲያጋጥማችሁ ይህን ልዩነት አስታውሱ።

ክስ ማንሳት፣ ይቅርታ፣ ምሕረት

በደሴ ሰው ልብ ውስጥ ያለው ትልቁ ቅሬታ ከሕግ ቃላት ጋር የተያያዘ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014፣ በገና ዕለት፣ አቶ ስብሐት ነጋን ጨምሮ የታሰሩ የሕወሓት ሰዎች ክሳቸው ተቋርጦ እንደሚፈቱ ተነገረ። ደሴ ነጻ ከወጣች ገና አንድ ወር አልፏት ነበር። የተሰበረ በር ያላደሰ ሰው ነው ዜናውን የሰማው። መጋቢት 13 ቀን 2015 ሕወሓት ከአሸባሪነት መዝገብ ተሰረዘ። በዚያው ወር በአመራሮቹ ላይ የነበረው ክስ ተቋረጠ።

«ታዲያ ምሕረት ተደረገላቸው ማለት ነው?» ይባላል። በሕግ ቋንቋ፣ አይደለም። ክስ ማንሳት ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን መዝጋቱ ነው፤ ወንጀሉን አይሰርዘውም። ይቅርታ ተፈርዶበት ለታሰረ ሰው የሚሰጥ ነው፤ ቅጣቱን ያስቀራል። ምሕረት በሕግ የሚሰጥ ሲሆን ወንጀሉንም ክሱንም ይዘጋል። እዚህ ላይ ሕገ መንግሥቱ ጠንካራ አጥር አለው። አንቀጽ 28 በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች፣ ማለትም ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ አስገድዶ መሰወር፣ ማሰቃየት፣ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜ አለፈባቸው ተብሎ፣ አይታገዱም ይላል። በምክር ቤትም ሆነ በሌላ የመንግሥት አካል ምሕረትም ይቅርታም አያሰጡም። ስለዚህ ማንም ቢፈርም፣ ፕሪቶሪያም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ያለ ፍርድ የተገደለ ሰው ጉዳይ አልተዘጋም።

ግን ክፍተት አለ፤ ልደብቀው አልፈልግም። የወንጀል ሕጋችን ዘር ማጥፋትን በአንቀጽ 269፣ የጦር ወንጀልን ደግሞ በአንቀጽ 270ና በቀጣዮቹ ይቀጣል። «በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል» ብሎ ራሱን ችሎ የሚተረጉም አንቀጽ ግን የለውም። አሁን አዲስ ሕግ ይውጣ ቢባል፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 ሰው ሲፈጸም ወንጀል ባልነበረ ድርጊት አይቀጣም ይላል። ሕግ አዋቂዎች የሚከራከሩት እዚህ ነው። አንዱ ወገን ዓለም አቀፍ ሕግ ቀድሞም ወንጀል ብሎታልና ችግር የለም ይላል። ሌላው በጦር ወንጀልና በግድያ እንክሰስ፣ ይበቃል ይላል። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል ስላልሆነች «ሄግ ይሂዱ» የሚለውም ቀላል መንገድ አይደለም።

ለምን አይንቀሳቀስም?

አንዱ ምክንያት አለመተማመን ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት ሰብዓዊ መብቶች ቢሮ በጥቅምት 2014 ባወጡት ጥምር ሪፖርት፣ በትግራዩ ጦርነት ሁሉም ወገኖች በደል መፈጸማቸውን ደምድመዋል። ኮሚሽኑ መጋቢት 2014 ላይ ስለ አማራና አፋር ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ 749 ሲቪሎች መገደላቸውን መዝግቧል። ሁሉም ወገን አጥፍቷል ማለት መንግሥትም ውስጡ አለበት ማለት ነው። ታዲያ ዐቃቤ ሕጉን ማን ይሾመዋል? ዳኛውስ? ተጠርጣሪው የሚመራው ችሎት እንዳይሆን ነው የብዙዎች ስጋት። የተባበሩት መንግሥታት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን ደግሞ በ2016 መጀመሪያ የሥራ ዘመኑ ሳይታደስ ቀርቷል። የውጭው ዓይን ከጠፋ፣ የውስጡ ተቋም የበለጠ ነጻ መሆን አለበት። እዚህ ላይ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ፈራሚዎቹ የራሳቸውን ዳኛ መምረጥ የለባቸውም።

ሌላው፣ ተኩሱ ሙሉ በሙሉ አለመቆሙ ነው። መጋቢት 2015 መጨረሻ ላይ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወሰነ፤ ደሴና ኮምቦልቻም ተቃውሞ ካስተናገዱት ከተሞች መካከል ነበሩ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በመንግሥትና በፋኖ መካከል የተጀመረው ውጊያ ገጠሩንም መንገዱንም ነካ። «ሽግግር» ማለት ከአንድ ነገር ወደ ሌላ መሻገር ነው። ወንዙ መሐል ቆመህ ተሻገርኩ አትልም። ምስክር ሆኖ የሚቀርብ ሰው ማታ ቤቱ በሰላም ካልገባ ምን ብሎ ይመሰክራል? በዚያ ላይ በትግራይ የሕወሓት ክፍፍል፣ የአካባቢዎች የይገባኛል ጥያቄ፣ ያልተመለሱ ተፈናቃዮች አሉ። የፕሪቶሪያው ስምምነት አንቀጽ 10 የይገባኛል ጥያቄው በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታል ብሎ አልፎታል። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ለብቻው ማብራሪያ ስለሚፈልግ አልገባበትም።

አንዳንዱ «ለምን ፍርድ ቤት፣ ሽማግሌ አለን» ይላል። ወሎ አበጋር የሚባል አስታራቂ ሽማግሌ አለው፣ ወዳጃ የሚባል የጋራ ጸሎት አለው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ቁጭ ብሎ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ደም የሚደርቅበት ሥርዓት ነው። አከብረዋለሁ። ግን አሠራሩን እንይ። አበጋሩ «ተታረቁ» ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ ነገሩ ይጣራል። የገዳይ ወገን አድርጌያለሁ ይላል። ከዚያ የደም ካሳ ይቆረጣል፣ ይከፈላል። አብሮ መብላቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «እርቅ ደም ያደርቅ» የሚባለውን ይዘው የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች የሚዘልሉ ፖለቲከኞች የእኛን ባህል አላወቁትም። ደግሞም ሥርዓቱ የሚሠራው በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ነው። ጦር ያዘመተ አዛዥ ዛፍ ሥር መጥቶ አይቀመጥም። የተደፈረች ሴት ጉዳይም ለወንዶች ሸንጎ የሚተው አይደለም።

ፍርድ ቤት ብቻውን ስለማይበቃም ታሪክ አለን። ከደርግ በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1984 ተቋቋመ። የዋናዎቹ ባለሥልጣናት ችሎት በ1987 ተጀምሮ ጥፋተኛ የተባሉት በ1999 ነው። 12 ዓመት ፈጀ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌሉበት ተፈረደባቸው፤ ዚምባብዌ ሆነው። ፍርዱ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ልጆቻቸው ለተገደሉባቸው እናቶች ግን የተዘረጋ የካሳ ሥርዓት አልነበረም። ያ እንዳይደገም የአሁኑ ፖሊሲ ካሳን ከክሱ እኩል ማስቀደም አለበት። ካሳ የፍርድ ጅራት ከሆነ፣ አክስቴ በሕይወት እያለች አይደርስም።

ወረቀቱ

ስለዚህ አትቅደጂው አልኳት። ካሳ የሚሰጥ ተቋም መጀመሪያ የሚጠይቀው በጊዜው የተጻፈ ማስረጃ ነው። ከዓመታት በኋላ ከትዝታ የሚጻፍ ዝርዝርና ታኅሣሥ 2014 ላይ ተጽፎ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እኩል አይታዩም። ቀበሌ የገባው ቅጂ ቢጠፋ እንኳ የእሷ እጅ ላይ ያለው ይናገራል። ፎቶ አንሺው፣ ቅጂውን ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ አስቀምጪ፣ ያዩ ሁለት ሰዎች አስፈርሚበት። ሰው የሞተበት ደግሞ የቀብር ቦታውንና ቀኑን ይጻፍ፤ የሕክምና ወረቀት ያለው አይጣል። ይህ የሚመለከተው የአንድ ወገን ሰውን ብቻ አይደለም። በ2014ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በማንነታቸው ምክንያት የታሰሩ የትግራይ ተወላጅ ጎረቤቶቻችን፣ ከወለጋ ተፈናቅለው ወሎ የተጠለሉት፣ ሁሉም የራሳቸው ወረቀት አላቸው። የእነሱ ካልተቆጠረ የእኛም ብቻውን አይቆጠርም።

ፒያሳ ወርደን ሦስት ኮፒ አስነሳን። በመጀመሪያው ላይ ማኅተሙ ፈዝዞ አልወጣም። ልጁ ቀለሙን ጨመር አድርጎ ደገመው። ክቡ መስመር በደንብ ታየ።

ባዶውን ዓምድ ስታይ ቆየችና «እዚህ ላይ ምን እንበል?» አለችኝ። «አላውቅም» ብለሽ ጻፊ፣ እውነቱ እሱ ነው አልኳት። እስክሪብቶዬን ተቀብላ በቀስታ ጻፈችው። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ተመለሰች።

«አንዷ መኪና ሲንጀር ነበረች» አለች። «ጎኗ ላይ ቁጥር አላት። ሃያ ዓመት ስወለውላት በቃሌ ይዤዋለሁ። ያዝልኝ።»

ቁጥሩን አንድ በአንድ እየጠራች አጻፈችኝ።